ለእንግዳ የተጠረገ ቤት

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «አቧራ እለካለሁ» እላለሁ። ይስቃል። «አቧራ ይጠረጋል እንጂ ይለካል እንዴ?» ይለኛል። በጃፓኗ የሸክላ ከተማችን ቶኪ ውስጥ ይህችን ቀልድ ያልነገረኝ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ድሮ ለይሉኝታ ብዬ አብሬ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ለምን እንደማልስቅ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት የሩዝ አጨዳ ያለቀ ሰሞን ነው። ሺጌሃሩ የሚባል ሸክላ ሠሪ ደወለልኝ። እኛ ከተማ ድንጋይ ብትወረውሩ የሚያርፈው ሸክላ ሠሪ ጣራ ላይ ነው፤ የሺጌሃሩን ቤት ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አያቱም አባቱም የሩዝ ሳህን ነበር የሚሠሩት፤ እሱም ያንኑ ይሠራል።

«ወይዘሮ ኢሶጋይ፣ ይምጡና አየሩን ይለኩልኝ። እውነቱን ነው የምፈልገው» አለኝ።

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለኝ» አልኩት። «እውነቱን ስነግራቸው ግን ሻይ እንኳ አይቀዱልኝም።»

«እኔ የምሬን ነው። ልጄ ናጊሳ ሥራውን እረከባለሁ ብላ ከጭቃው ጋር ተጣብቃለች። አባቴ እዚሁ ቤት ባለው አቧራ ሳንባው ደርቆ ነው የሞተው። መተኛት አቅቶት፣ ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነው የሞተው፤ እጁን ይዤው ነበር። አሁን አዲስ የአቧራ መምጠጫ ማሽን አስገብቻለሁ። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ልጅቷ ትቆያለች። መጥፎ ከሆነ ቤቱን እዘጋና ናጎያ ከተማ እልካታለሁ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ቦታ አግኝታለች፤ መልስ እየጠበቁ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ሰውየውን ወደድኩት። የእኔ ደንበኞች አብዛኛዎቹ የሚጠይቁኝ «እናልፋለን ወይ?» ብለው ነው። ይሄኛው የጠየቀኝ ልጄ ትተንፍስ ወይ አትተንፍስ ብሎ ነው።

በቀጠሮው ቀን ስደርስ በር ላይ የተቀበሉኝ እናቱ፣ እማማ ኩኒ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል፣ ምላሳቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። አጎንብሰው እጅ ነሱኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ቤታችን ቆሻሻ ነው፤ እንግዲህ ቻይው» አሉኝ።

ቆሻሻ ነው ያሉት ወለል ላይ ሩዝ ቢደፋ እያነሳሁ እበላው ነበር! ጣውላው ያበራል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ገና እቶን ያልገቡ ሳህኖች እንኳ በተርታ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ሆኖ ነው የተደረደሩት። እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይገለበጣል፤ እማማ ኩኒ ግን ከሁሉም ይብሳሉ።

ጫማዬን ሳልቀይር እጅጌዬን ያዙና ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ስሚኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅቷ እንዳትሄድብኝ። የባሌ ወንበር ባዶውን ሊቀር ነው። መልካም ቁጥር ስጪን።»

«እማማ ኩኒ፣ እኔ ቁጥር አልሰጥም። አነባለሁ እንጂ።»

«እሺ፣ መልካም አድርገሽ አንብቢያ!»

ናጊሳ መስኮቱ ሥር ነበረች፤ ሃያ አራት ዓመት ይሆናታል። የደረቁ ሳህኖችን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ታለሰልሳለች። አፏ ላይ ማስክ አለ፤ ፊት ለፊቷ የአዲሱ መምጠጫ አፍ ተከፍቶ ዱቄቱን እየሳበ ይወስዳል። ሥራዋ ያምራል። ሳህኑን አዙራ በጣቷ ስትዳስስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እንዲህ የምትሠራ ልጅ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስትደረድር ማሰብ አልፈለግሁም።

የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አቧራው ይብሳል ተብሎ በሚፈራው ቦታ፣ ሥራው በሚበዛበት ሰዓት እለካለሁ። ይህ የክፉ ቀን ልኬት ነው። ቀጥሎ ክፍሉን በሙሉ፣ ሰው ባለበትም በሌለበትም፣ ነጥብ ነጥብ አድርጌ እየዞርኩ እለካለሁ። ይህ ደግሞ የቤቱ ጠባይ ነው። ሁለቱ ካልተነበቡ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

ናጊሳ አጠገብ ቆሜ የክፉውን ቀን ልኬት እንደጨረስኩ ሺጌሃሩ አጨበጨበ። የረፋድ ሻይ ደርሷል። የረፋድ ሻይ በእኛ አገር ሸክላ ቤት ቀልድ አይደለም። የያዝከውን ጥለህ ትወጣለህ፤ እንግዳ ከሆንክ ደግሞ እምቢ ማለት ባለቤቱን በጥፊ እንደ መምታት ነው። መምጠጫውም ይጠፋል፤ ሰው በሌለበት ለምን ይጮሃል ተብሎ። መስኮቱም ተዘግቶ ነበር፤ ነፋስ የእንግዳዋን መሣሪያ እንዳይረብሽ።

በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እማማ ኩኒ አረንጓዴውን ሻይ ቀዱ፣ ትኩስ ስኳር ድንች ሰነጠቁልን፣ ከዚያ ሹልክ ብለው ጠፉ። አሮጊት ቤት ውስጥ ሥራ አታጣም ብዬ ልብ አላልኩትም። ተመለስን፤ መምጠጫው እንደገና ተከፈተ፤ ናጊሳ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም ከበሩ ጀምሬ እየዞርኩ ለካሁ። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዴ የጀመርኩበትን ነጥብ ደግሜ ለክቼ አቧራውን የያዙልኝን ማጣሪያዎች ሸክፌ ወጣሁ።

ማጣሪያው ተመዝኖ ውጤቱ ሲወጣ ራሴው ይዤው ሄድኩ። በፖስታ የሚልኩ አሉ። እኔ ግን ቁጥርን ብቻውን ሰው ቤት አልሰድም፤ ብቻውን ሲሄድ ይዋሻል።

አራታችንም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ሺጌሃሩ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ይጠብቃል።

«ሦስት ደረጃ አለ» አልኩ። «ይህ ቤት ሦስተኛ ነው።»

እማማ ኩኒ ፊታቸው በራ። «ሦስተኛ! ጥሩ ነዋ! ከስንት?»

«ከሦስት» አልኳቸው።

ፊታቸው ጨለመ። ናጊሳ አንገቷን ደፋች። ሺጌሃሩ ወረቀቱን ነጥቆ አየና ጠረጴዛውን ጠበጠበው።

«ቆይ፣ ቆይ! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ጎረቤቴ ያሱጂ የጀሶ ፎርማ ሠሪው፣ የእሱ ቤት ቁጥር የእኔን ሦስት እጥፍ ነው! ራሱ አሳይቶኛል። አንደኛ ነው የሰጡት፤ ያውም እርስዎ! እኔ በሲሶው ሦስተኛ? ያሱጂ ምን አቀመሰዎት?»

ደሜ ፈላ። ሲሰድቡኝ እችላለሁ፤ ሥራዬን ሲሰድቡ ግን አልችልም።

«ያሱጂ ያቀመሰኝ ነገር ቢኖር መራራ ሻይ ነው!» አልኩት። «አሁን ይስሙኝ። ሻይዎ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር ይጠጡታል?»

«እጠጣዋለሁ።»

«አንድ ማንኪያ ዋሳቢስ፣ ያ አፍንጫ የሚያቃጥለው?»

እማማ ኩኒ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ማንኪያው አንድ ነው፤ የገባው ነገር ግን አንድ አይደለም። የያሱጂ አቧራ ጀሶ ነው። ያስነጥሳል፣ ያስላል እንጂ ሳንባ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ አይቀርም። የእርስዎ ጭቃ ውስጥ ግን ሲሊካ የሚባል የድንጋይ ዱቄት አለ፤ ከአራት እጅ አንዱ እሱ ነው። አባትዎን የጨረሰው እሱ ነው። ስለዚህ ገደቡ እንደ አቧራው ዓይነት ይለያያል። የያሱጂ ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ሦስት ሚሊግራም ነው። የእርስዎ የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው። አንድ ሁለት ቅንጣት ጨው አድቅቀው፣ ፍራሽ የሚቀመጥበት ቁምሳጥን በሚያህል አየር ውስጥ ይበትኑት፤ ያችን ያህል ናት። የእርስዎ ቤት ከዚያ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው የወጣው።»

ሺጌሃሩ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሲናደድ ከነበረው ይልቅ አሁን አስፈራኝ።

«እንግዲያው አለቀ» አለ። «ናጊሳ፣ ናጎያ ደውዪ።»

«አባዬ!»

«ደውዪ አልኩሽ! አያትሽ ሲታፈን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ገና አልተወለድሽም። ሁለተኛ አላይም!»

«መሥራት የምፈልገው እኔ ነኝ! ሳንባውም የእኔ ነው!»

«ዝም በዪ!»

እማማ ኩኒ ማልቀስ ጀመሩ፤ ያለ ድምፅ፣ እንባቸው በአፍንጫቸው ዳርና ዳር እየወረደ። አንጀቴን በሉት። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት።

«እናንተ ሰዎች! አንብቤ ጨርሻለሁ ወይ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል! ቁጥሩን ሰማችሁ፤ የት ቦታ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም!»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የሻይ ኩባያዎች ሰበሰብኩ። አንዱን ከወዲያ አስቀመጥኩ። «ይህ ናጊሳ የምትቀመጥበት ነው፤ መምጠጫው ሥር። ዱቄቱ የሚነሳው እዚህ ነው፤ በክፉው ሰዓት ለካሁት፤ ከገደቡ በታች ነው። መምጠጫው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት።» ሌላውን ወደ እኔ ሳብኩ። «ይህ በሩ አጠገብ ያለው የማድረቂያ መደርደሪያ ነው። ቤቱን ሦስተኛ ያደረገው ይህ ነው። ማነው እዚህ የሚሠራ?»

«ማንም» አለች ናጊሳ ቀና ብላ። «እዚያ ሳህን ብቻ ነው የሚቀመጠው።»

«ታዲያ ማንም የማይሠራበት ቦታ አቧራ ማን አስነሳው? ደግሞ አንድ ነገር አለ። ልወጣ ስል ያንኑ ቦታ ደግሜ ስለካው በግማሽ ወርዷል፤ ናጊሳ ሥራ ላይ እያለች! ከሥራው የሚመጣ ቢሆን ሥራው ሲቀጥል ይጨምር ነበር እንጂ አይወርድም። ይህ የዚህ ሥራ አቧራ አይደለም። እኔ ሳልደርስ አንድ ነገር ቀስቅሶት የሄደ አቧራ ነው። ልለካ ከመግባቴ በፊት እዚያ ምን ተደረገ?»

«ምንም» አለ ሺጌሃሩ። «ሻይ እየጠጣን ነበር።»

«እማማ ኩኒ?»

«ምንም አልተደረገም ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ዓይናቸውን አየሁት፤ አልዋሹኝም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኩና ተነሳሁ። «የናጎያ ሰዎች አንድ ሳምንት ይቆዩ። እመለሳለሁ። ግን እንደ እንግዳ አልመጣም፤ ማንም እንዳይቀበለኝ።»

ሺጌሃሩ ተንፍሶ «አንድ ሳምንት» አለ። «ከዚያ በላይ ልጅቷን በተስፋ አላሰቃያትም።»

ተመለስኩ። እንዳትቀበሉኝ ብልም እማማ ኩኒ በር ላይ ቆመው እጅ ነሱኝ፤ ይህን መከልከል አይቻልም። ናጊሳ ስትሠራ ጣቷ እንደ ወትሮው አልነበረም፣ አንድ ሳህን አመለጣትና ተሰበረ። እኔ አየር ላይ ያለውን አቧራ ወዲያው በቁጥር የምታሳየውን ትንሽ ሳጥኔን ይዤ ስዞር ቆየሁ። በሩ አጠገብ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ሰላም ነው። ሥራ ሳይቋረጥ ከቆየ ሰላም ነው ማለት ነው።

ሺጌሃሩ አጨበጨበ። ሻይ።

«እኔ አልጠጣም» አልኩ።

ሺጌሃሩ ጆሮውን ያላመነ መሰለ። ናጊሳ ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ ታየኛለች።

«ሆዷን አሟት ይሆን?» አሉ እማማ ኩኒ ለልጃቸው፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

«ደህና ነኝ። እዚሁ ነው የምቀመጠው።»

«ስኳር ድንቹ ትኩስ ነው እኮ…»

«አልፈልግም እማማ ኩኒ።»

ወጡ። ሺጌሃሩ ሲወጣ «ጉድ ነው ዘንድሮ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። መምጠጫው ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩበት። ሳጥኗ ጉልበቴ ላይ ናት። ሰዎቹን አስቀይሜያለሁ፣ ርቦኛልም፤ ግን ትክክል እንደሆንኩ አውቄ ነበር። ሥራውን ስትኖርበት እንዲህ ያለው ነገር ይሸትሃል።

ትንሽ ቆይቶ የጓሮው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። እማማ ኩኒ ናቸው። ራሳቸውን በነጭ ፎጣ አስረዋል፤ በእጃቸው መጥረጊያ፣ መቀነታቸው ላይ የላባ ማራገፊያ ሰክተዋል። ምናልባት የተውኩትን ሻይ ልጠጣ በሌላው በር የወጣሁ መስሏቸው ይሆናል፤ አላዩኝም። ላባውን መዘዙና መደርደሪያውን ከላይ ጀምሮ ቀስ እያሉ አራገፉ። ከዚያ ከውስጥ ወደ በሩ እየሰበሰቡ መጥረግ ጀመሩ። እንዴት ያምራል! ከጎበጠው ወገባቸው ጋር መጥረጊያው እንደ አንድ አካል ነው የሚሄደው። በዓይን የሚታይ አቧራ የለም ማለት ይቻላል።

ሳጥኗን አየሁ። ቁጥሩ ገደቡን አልፎ፣ ዞሮ ሳያይ፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

«እማማ ኩኒ!» ስል መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይኔ በሞትኩት! እዚህ ነበርሽ? እንግዳ ፊት ስጠርግ! አፈር በበላሁ ምን ዓይነት ነውር ነው!»

«ምንም ነውር የለውም። ሁልጊዜ በሻይ ሰዓት ይጠርጋሉ?»

«ሁልጊዜ ነው እንጂ! ጠዋት ከመግባታቸው በፊት፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ሻይ ላይ ሳሉ። እናቴ ስትድረኝ የነገረችኝ ነው፤ ጠራጊ ከታየ ቤቱ ቆሽሾ ነበር ማለት ነው፣ ሳይታዩ ነው የሚጠርጉት ብላ።»

«ባለፈው እኔ ስመጣስ?»

«ያን ቀንማ እስከ ጣራው ነው ያራገፍኩት!» አሉ በኩራት። «ለአንቺ ብዬ። ንጹሕ ቤት አይተሽ ልጅቷን እንድታስቀሪልኝ።»

ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ ማባበል አልችልበትም፤ ባሌም እንዲህ ነው የሚለኝ። ሳጥኗን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኳት።

«ይህች ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለውን የምትነግረን ናት። አሁን አንዴ ይጥረጉ፤ ቀስ ብለው።»

ጠረጉ። ቁጥሩ ዘለለ። አዩት። ደግመው ጠረጉ፣ በቀስታ፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው። ቁጥሩ እንደገና ዘለለ።

«ግን እኮ ምንም አይታይም» አሉ።

«የሚታየው ወለል ላይ ይወድቃል። እሱን ሰብስበው ያወጡታል፤ ቤቱም የሚያበራው ለዚያ ነው። የማይታየው ግን ሲቀሰቀስ ለብዙ ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ ሳንባ ድረስ የሚወርደው ደግሞ እሱ ነው። በደረቅ መጥረጊያ የተጠረገ ወለል ይጸዳል፤ አየሩ ነው የሚቆሽሸው።»

እማማ ኩኒ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ናጊሳ ወደምትቀመጥበት ወንበር አዩ።

«ባሌ ሻዩን በረንዳ ላይ አይጠጣም ነበር» አሉ። «ከጭቃው መነሳት አይወድም። እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነበር የሚጠጣው። እኔ ደግሞ ዙሪያውን እጠርግለታለሁ። እግርህን አንሳ እለዋለሁ፤ ያነሳል። ዕድሜ ልካችንን።» ዘወር ብለው ዓይኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

በሥራዬ ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዟል።

«ይህች ሳጥን የዛሬን እንጂ የድሮን አትናገርም። እኔ ግን ሥራውን አውቀዋለሁ፤ እስቲ ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ በዚያን ጊዜ ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ሳህን ከመጀመሩ በፊት ለረጅም ዓመት ደረቅ ድንጋይና ጭቃ ይፈጭ ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ የሚፈጨው እሱ ነው። ከወፍጮው ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው።»

«መምጠጫ ነበር?»

«የምን መምጠጫ! አፉ ላይ ፎጣ ያስራል፤ እሱንም ሲሞቀው ይጥለዋል።»

«እንግዲያው የገደላቸው ወፍጮው ነው። ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። እንደዚያ ያለ ወፍጮ ውስጥ አንድ ቀን መዋል፣ የእርስዎ መጥረጊያ በብዙ ወር የማያደርገውን ያደርጋል።»

«መጥረጊያዬስ ምንም ድርሻ የለውም?» አሉ።

የለውም ማለት ይቀል ነበር።

«አለው» አልኩ። «ትንሽ አለው።»

እማማ ኩኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እንባቸው ፎጣቸው ላይ ሲወርድ አላበሱትም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ምንም የለውም ብትዪኝ ኖሮ ስለ ወፍጮውም አላምንሽም ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው፣ ከዚያ ጎባጣ ወገብ ይወጣል በማይባል ድምፅ ጮኹ።

«ናጊሳ! አንቺ ናጊሳ! ባልዲ ውሃና ጨርቅ አምጪ!»

አባትና ልጅ ሮጠው መጡ። እማማ ኩኒ ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። እርጥቡን ጨርቅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ኮሪደር እንደሚወለውሉት፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየገፉ ይሄዳሉ።

«እማዬ! ወገብሽ!» አለ ሺጌሃሩ።

«ወገቤን ተወው! አንተ ማሽኑን ለምንድነው የምታጠፋው? አንተ ሻይ ስትጠጣ አቧራውም አብሮህ ለሻይ የሚወጣ መሰለህ?»

ናጊሳ ሳቀች፤ ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም ለሺጌሃሩ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ መጥረጊያውን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ሌላ ጨርቅ ከባልዲው አወጣ።

መደርደሪያው ሁሉ በውሃ ታጠበ። መጥረጊያና ላባ ከቤቱ ወጡ። መምጠጫው በሻይ ሰዓትም እንዲሠራ ተደረገ። ለናጎያ ሰዎች የተሰጠው ሳምንት ሊያልቅ ሲል እንደገና ለካሁ፤ ያውም እንደ ሕጉ፣ ሁሉንም ነጥብ፣ ክፉውንም ቀን። ማጣሪያውን መዝኜ እንደጨረስኩ ሳላድር ሄድኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ በዚያው ቦታችን ተቀመጥን። ሻይ ተቀዳ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተናገርኩ።

«ከገደቡ ግማሽ በታች ነው። በሩ ጋም፣ መስኮቱ ጋም። አንደኛ ደረጃ።»

ናጊሳ አባቷን አየች።

«ግን ይስሙኝ» አልኩ፤ ይህን ሳልል አልወጣም። «አንደኛ ማለት አቧራ የለም ማለት አይደለም። ገደብ ግድግዳ አይደለም፤ ከዚህ ወዲህ ያለው ሰው ብዙዎቹ ሳይታመሙ ያረጃሉ ማለት ነው። ማስኩ ይቀጥላል። ውሃው ይቀጥላል። እኔም በየጊዜው እየመጣሁ እነዘንዛችኋለሁ።»

ሺጌሃሩ ኩባያውን በእጁ አዞረ።

«ናጊሳ» አለ። «ናጎያ ደውዪ።»

ልጅቷ ክው አለች። «አባዬ፣ ምን…»

«አልመጣም በያቸው።»

ናጊሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሺጌሃሩ ኩባያውን አፉ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ሲጠጣ ግን አላየሁትም። እማማ ኩኒ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። በሩን አልዘጉትም። የባላቸው ፎቶ ያለበት የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ፊት ተንበረከኩ፤ ትንሿን ደወል መቱ፤ ድምፅዋ እስኪሞት ጠበቁ።

«ሰማህ?» አሉት። «አንደኛ ወጣን። ከሦስት። ልጅቷ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለች። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ያነበበችው ሴትዮ ደግሞ አትዋሽም።» አንገታቸውን ደፉ። «መጥረጊያዬን ጥዬዋለሁ። ለአንተ ዘገየሁ። ይቅር በለኝ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ምላሳቸው ግን ያው ነው። ፊቴ የተቀመጠውን ኩባያ አዩና ቆጡኝ።

«አሁንም አልጠጣሽም? ሁለተኛ እምቢ ብትዪኝ ከዚህ ቤት በእግርሽ አትወጪም!»

ጠጣሁት። ቀዝቅዞ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አላስተረፍኩም።